የሚታይ ወይስ የሚበላ?

በብዙ አገር የአይስክሬም መሸጫ ደጃፍ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ከፋይበርግላስ የተሠራ አይስክሬም ቆሞ ይታያል። ፀሐይ አያቀልጠውም፤ ሁልጊዜ አዲስ ይመስላል። ሕፃን ከሩቅ አይቶት የእናቱን እጅ ይጎትታል። ይህ ነውር የለበትም። ምልክቱ «እዚህ አለ» ይላል፤ ሕፃኑም ገብቶ እውነተኛውን ይበላል። ነውሩ የሚመጣው ገብቶ የሚበላ ሲያጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁን 2005 ስናፕል የተባለው የመጠጥ ኩባንያ አዲስ ምርቱን ለማስተዋወቅ ከዚህ አልፎ ሄደ። ከጭማቂ የረጋ፣ በእንጨት ላይ የተሰካ፣ 17.5 ቶን የሚመዝንና 25 ጫማ የሚረዝም በረዶ አሠርቶ ወደ ኒውዮርክ፣ ዩኒየን ስኩዌር አመጣ። የዓለምን ክብረ ወሰን ለመስበር ነበር። ቀኑ ግን ሞቃት ነበር፤ በክሬን ሊያቆሙት ሲሞክሩ ቀለጠ። ጣፋጩ ጭማቂ ጎዳናውን አጥለቀለቀው፤ መንገደኞች እያዳለጣቸው ወደቁ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገድ ዘግተው በውኃ አጠቡት።

ልብ በሉ፤ ያ እንደ ፋይበርግላሱ ባዶ ምስል አልነበረም። እውነተኛ ጣፋጭ ነበር። ነገር ግን ለአፍ ሳይሆን ለዓይን ስለ ተሠራ ለብዙ ሺህ ሰው የሚበቃው ነገር የመንገድ እጣቢ ሆነ።

አሁን ማርቆስ 6ን እንመልከት። ጌታ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ በእጁ ይዞ ነበር። ሰማይን የሚነካ አንድ እንጀራ አድርጎ ሊያስደንቃቸው ይችል ነበር። እርሱ ግን ሕዝቡን መቶ መቶና አምሳ አምሳ አድርጎ አስቀመጠ፤ እንጀራውን ቆርሶ በደቀ መዛሙርቱ እጅ ለእያንዳንዱ አደረሰ። ሁሉም ጠገቡ። በዮሐንስ 6 እንደምናነበው፣ ሕዝቡ ሊያነግሠው ባሰበ ጊዜ ለብቻው ወደ ተራራ ሄደ። ተአምሩ በሰዎች አፍ የሚገባ መጠን ነበረው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። የጉባኤያችን ባነር በየዓመቱ ያድጋል፤ በላዩ ያለው የአገልጋይ ፎቶም እንዲሁ። «ሰው ካልሰማ እንዴት ይመጣል?» ይባላል። እውነት ነው፤ መጥራት ተገቢ ነው። ጥያቄዬ ከጥሪው በኋላ ስላለው ነው። እሁድ እጁን ያነሣውን ወጣት ማክሰኞ ማን ይደውልለታል? ልጇን የቀበረችውን እናት ከሠልስት በኋላ ማን ይጠይቃታል? ቃሉን ቁጭ ብሎ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚያስተምራቸው ማን ነው? ለመድረኩ በጀት ይዘን ለዚህ ሰው ካላዘጋጀን፣ ምልክቱን አቁመን ማእዱን ረስተናል።

የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሆይ፣ ቀጣዩን ባነር ከማሳተማችሁ በፊት የሚመጣውን ሰው በስሙ ጠርተው የሚከታተሉ አገልጋዮችን መድቡ። ካልተገኙ ባነሩ ይቆይ።

ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ምናልባት በትልቅ ማስታወቂያ ተስባችሁ ገብታችሁ ተርባችሁ ወጥታችሁ ይሆናል። በእኛ ጉድለት ክርስቶስን አትመዝኑት። የሕይወት እንጀራ እርሱ ነው፤ ወደ እርሱ የመጣውን አይመልስም። የዮሐንስን ወንጌል ዛሬ ማታ ክፈቱ።

ጌታ በእጃችን ያለውን ቆርሰን የምንሰጥ ያድርገን። አሜን።