የዕድገት ዕቅድ ከገንዘብ ጥሪ ይቅደም

በአሜሪካ የሚገኝ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሕንፃ ለመግዛት ሲያስብ፣ አባላቱ ዕቅዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት በገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት መሆን የለበትም።

ሕጉ የሚጠይቀው ጥቂቱን ነው። ዓመታዊውን ቅጽ 990 ለፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት የሚያቀርብ ድርጅት የቅርብ 3 ዓመታት ቅጂዎችን ለጠየቀ ሁሉ ማሳየት አለበት። ቅጹ ግን ያለፈውን ወጪ እንጂ የነገውን ዕዳ አይናገርም።

ስለዚህ ቦርዱ ዘመቻውን ከመጀመሩ ቢያንስ 60 ቀናት አስቀድሞ፣ አባላቱ በሚያነቡት ቋንቋ የተጻፈ አጭር ሰነድ ያሰራጭ። ሰነዱ ከቅድሚያ ክፍያው ባሻገር ወርኃዊውን የብድር ክፍያ፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ይዘርዝር። ለጋሹ፣ የታሰበው ገንዘብ ባይሟላ ያዋጣው ምን እንደሚሆን ይወቅ፤ በጎ ፈቃደኛው ምን ያህል ሥራ እንደሚጨመርበት ይረዳ፤ አዲስ የመጣው ስደተኛም የትርጉምና የሥራ ፍለጋ እርዳታው እንደማይታጠፍበት ማረጋገጫ ያግኝ።

አንዳንድ የቦርድ አባላት ሥጋቱን መግለጽ ለጋሾችን ያሸሻል ይላሉ። ይሁን እንጂ ለጋሽን ይበልጥ የሚያርቀው ካዋጣ በኋላ የሚደርስበት ያልተነገረ ዕዳ ነው። የዕድር አባል መዋጮውን ሳያመነታ የሚከፍለው ሒሳቡ በፊቱ ስለሚነበብለት ነው። ማኅበራትም ይህንኑ ልማድ ለዕቅዳቸው ያውሉት፤ ዘመቻው ከተጀመረ በኋላም በየ3 ወሩ የተሰበሰበውን፣ የጎደለውንና የተለወጠውን ያሳውቁ። ዕቅዱ የሚቆምበት ሁኔታም ገና ከመነሻው በጽሑፍ ይቀመጥ።