የገና ዱላን ዕድሜ የሚያሳጥረው አስፋልቱ ነው

የገና ዱላ ቶሎ የሚሰነጠቀው ሩሩ ስለከበደ አይደለም። እርጥብ እንጨት ለበዓሉ ተብሎ በጥድፊያ ተቆርጦ፣ በእሳት ተቆልምሞ በማግስቱ ስለሚመታበት ነው። በተፈጥሮው የቆለመመ ወይራ፣ ተልጦ በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀና ቅቤ የጠጣ እንደሆነ ግን ዓመታት ይሻገራል።

ይህ ሁሉ ሜዳ ካለ ነው። የአራዳ ልጅ አስፋልት ላይ ከተጫወተ መንገዱ የዱላውን ጫፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጃንሜዳ ደግሞ ከፒያሳ ሩቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ እዚያ ሲሰፍር ሣሩ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የባህል ስፖርት ኃላፊዎች ለጨዋታው ደንብ አውጥተዋል፤ ደግ አደረጉ። ሜዳውስ በየሰበቡ ገበያ እንዳይሆን ደንብ የሚያወጣለት ማን ነው?