«ራሱ ያስተካክለዋል» አይባልም

ፋይል ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር የመስመር መጨረሻው ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ተወው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክለዋል» ይባላል። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ሳይጠየቅ ፋይል ውስጥ ገብቶ ባይት የሚጨምርና የሚቀንስ ፕሮግራም አስተካካይ አይባልም።

ነገሩ ከቴሌታይፕ የመጣ ነው። ቁጥር 13 የሆነው የትእዛዝ ምልክት የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መነሻ ይመልስ፣ ቁጥር 10 ወረቀቱን ይገፋ ነበር። ዊንዶውስ ሁለቱንም ወረሰ፤ ዩኒክስና ሊኑክስ 10ን ብቻ ያዙ፤ የድሮው ማክ እስከ 9ኛው ስሪቱ በ13 ብቻ ኖረ።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። በዩቲኤፍ 16 «ሊ» የሚጻፈው 18 እና 10 በሆኑ ሁለት ባይቶች ነው። «ል» ደግሞ 18 እና 13 ነው። «ጊ» ውስጥም 10፣ «ግ» ውስጥም 13 አለ። ከእንግሊዝኛ ፊደላት ግን አንዱም እነዚህን አልያዘም። የቀድሞው ኖትፓድ «ዩኒኮድ» ብሎ ያስቀምጥ የነበረው በዚሁ አጻጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ከሊኑክስ ሰርቨር በኤፍቲፒ፣ በጽሑፍ ስልት ወደ ዊንዶውስ ሲወርድ፣ 10 በተገኘ ቁጥር ከፊቱ 13 ይሰካል። የ«ሊ» ግማሽ የመስመር መጨረሻ ተደርጎ ይቆጠራል ማለት ነው! ከዚያ ወዲያ ባይቶቹ በአንድ ቦታ ይንሸራተታሉ፣ ጥንዳቸው ይፈርሳል፣ ጽሑፉ አይነበብም። 13ን ሁሉ የሚያጠፋው የተለመደ ትእዛዝም «ል»ን ባገኘ ቁጥር ይገምሳታል።

የፕሮግራም ጸሐፊዎችም አልዳኑም። የኮድ ለውጦችን የሚከታተለው ጊት ዊንዶውስ ላይ ሲጫን አስቀድሞ የተመረጠለት ልማድ ፋይሉን ሲያወርድ 13ን መጨመር፣ ሲመልስ መቀነስ ነው። በዚያ መንገድ የወረደ የባሽ ስክሪፕት በቀጥታ ወደ ሊኑክስ ቢገለበጥ አይነሳም፤ ሲስተሙ በስሙ ጫፍ ላይ 13 የተለጠፈበትን «ባሽ» ይፈልጋልና። ባለሙያው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ያመሻል፤ የሚታይ ስህተት የለም።

ለዚህ ልማድ ይቀርብ የነበረው ትልቁ ምክንያት ኖትፓድ 10 ብቻ ያለበትን ፋይል በአንድ መስመር ደርድሮ ማሳየቱ ነበር። ያ በ2018 ተስተካክሏል። ስለዚህ ፋይሉ ሁሉ በ10 ይቀመጥ፤ 13 የግድ የሚያስፈልገው የዊንዶውስ ባች ፋይል ካለ በስሙ ተለይቶ ይጻፍ፤ ውሳኔውም ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ በሚሄድ የጊት ፋይል ውስጥ ይስፈር እንጂ በየሰዉ ላፕቶፕ አይበተን። የአማርኛ ጽሑፍም በዩቲኤፍ 8 ይቀመጥ። እዚያ «ሊ» 225፣ 136፣ 138 ነው።