«ግቢዬ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ልጄ ለምን ይታመማል?»



ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ መድኃኒት አወሳሰድ አይደለም። አንዲት እናት ስለጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ወዲያው መመለስ አቃተኝ።

ከሰቆጣ ከተማ ዳር የመጣች ወጣት እናት ናት። የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ገባች። የልጁ ዓይኖች ቀልተዋል፤ ጥግ ጥጋቸው ላይ ዓይናር ተጋግሯል፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዝንቡን እሽ ትላለች። በዚያ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቷ ነበር። እኔም እንደልማዴ «ፊቱን በየቀኑ ታጥቢዋለሽ ወይ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ዶክተር፣ ጠዋትም ማታም አጥበዋለሁ። ሽንት ቤት አለን። ግቢዬን በየጠዋቱ እጠርጋለሁ። ግቢዬ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ልጄ ለምን ይታመማል?» አለችኝ።

ይህን ስትለኝ አፈርኩ። እኛ የጤና ባለሙያዎች የልጅ በሽታ ባየን ቁጥር ጥፋቱን እናት ላይ መጣል ይቀናናል። ስለዚህ ስለ ቤቷ መጠየቄን ትቼ ስለ ሰፈሯ ጠየቅኋት። ልጁ የት ነው የሚጫወተው? ከግቢያቸው ጀርባ ካለው ፈፋ ዳር። ፈፋው ውስጥ ምን አለ? የሰፈሩ ልጆች ይጸዳዱበታል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከሩቅ የመጣ ሰው ሌላ መግቢያ ስለሚያጣ እዚያው ይወርዳል። ከጎረቤቶችሽ ሽንት ቤት የሌለው ስንት ነው? በጣቷ ቆጠረች፤ አራት ቤት። አንደኛው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፦ ንጽሕና የአንዲት እናት የቤት ሥራ ሳይሆን የሰፈር ሥራ ነው። ጎረቤቱ ያልጸዳለት ቤት፣ የቱንም ያህል ቢጠረግ ልጁን ከበሽታ አያድንም።

ዝንብ አጥር አያግዳትም

ልጁን የያዘው በተለምዶ የዓይን ማዝ የምንለው ትራኮማ ነው። ትራኮማ የሚተላለፈው ዓይናር በነካ ጣት፣ ቤተሰቡ ሁሉ በሚጠቀምበት ፎጣ፣ የብዙ ልጆች ፊት በሚጠረግበት የነጠላ ጫፍ እና በዝንብ ነው። በተለይ ዓይን ላይ ማረፍ የምትወደው የዝንብ ዓይነት እንቁላሏን መጣል የምትመርጠው ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። በሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ግን አትራባም። ስለዚህ የእናንተ ሽንት ቤት የእናንተን ዓይነ ምድር ይሸፍናል እንጂ ከጎረቤት ፈፋ የምትነሣዋን ዝንብ አያስቀርም።

እዚህ ላይ ብዙ እናቶች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «የሕፃን ዓይነ ምድር ምንም አይደል፤ ገና ጡት ነው የሚጠባው» ተብሎ ከቤት ጀርባ ይጣላል። የሕፃን ዓይነ ምድር እንደ አዋቂው ሁሉ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይይዛል። ዝንቧም የልጅና የአዋቂ ብላ አትለይም።

ትራኮማ በአንድ ቀን አያሳውርም። ልጁን ደጋግሞ ሲይዘው የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሰሳል። ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ሴቶች ከሕፃናት ጋር ስለሚውሉ ከወንዶች በላይ ይጠቃሉ። ዛሬ ደጅ ላይ ተቀምጠው በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን የሚያስነቅሉት እማማ፣ ዓይናቸው የተጎዳው ገና በልጅነታቸው ነው። አገራችን በዓለም ከፍተኛው የትራኮማ ጫና ያለባት አገር ናት፤ አማራ ክልል ደግሞ በአገር ውስጥ በእጅጉ ከተጎዱት አንዱ ነው። ዋግ ኽምራም በክልሉ ችግሩ ከጸናባቸው አካባቢዎች መካከል ነው።

ከራሳችን ቀበሌዎች የተገኘ ትምህርት

አንዳንድ ሰው «ውኃ ይግባልን፣ ሳሙና ይታደለን እንጂ ሌላው ይቀራል» ሲል እሰማለሁ። ውኃ መብታችን ነው፤ መጠየቅም ይገባናል። ነገር ግን እዚሁ እኛ ዘንድ የተደረገ አንድ ጥናት ልብ ሊባል ይገባዋል።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ዓመታት በጋዝጊብላ፣ በሰቆጣ ዙሪያና በደሃና ወረዳዎች «ውኃ» የተባለ ጥናት ተካሂዶ ነበር። 40 መንደሮች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ የውኃ መቅጃ ተሠራላቸው፤ ሳሙና ተሰጣቸው፤ ስለ ፊት መታጠብና ስለ ሽንት ቤት በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ተማሩ። የቀሩት ጥናቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በሕፃናቱ ዓይን ላይ በተገኘው የትራኮማ ተሕዋስ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልነበረም።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው መታጠብ ዋጋ የለውም» ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። እጅን በሳሙና መታጠብ ተቅማጥን እንደሚቀንስ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። እኔ ከጥናቱ የተረዳሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትራኮማ ሥር በሰደደበት አካባቢ ንጽሕና ብቻውን አይበቃም፤ በዘመቻ የሚታደለው ዚትሮማክስ አብሮ ያስፈልጋል። በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ሲመጣ ልጆቻችሁን አትደብቁ። ሁለተኛ፣ ግማሽ ሥራ ሙሉ ውጤት አይሰጥም። አንዱ ታጥቦ ሌላው ሳይታጠብ፣ አንዱ ቆፍሮ ሌላው ሜዳ እየወጣ፣ በሽታው መኖሪያ አያጣም።

በከተማችን ስም የተጠራው ቃል ኪዳን

የሰቆጣ ስም በጤናው ዓለም የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ሥራው የተጀመረውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ነው።

መቀንጨር የምግብ ጉዳይ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን መሬት ላይ የሚድኸው ሕፃን አፈሩን፣ የዶሮ ኩሱን፣ ከፈፋው በጫማ ተጎትቶ የገባውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል። ተሕዋስያኑ ሲደጋገሙ የአንጀቱን ውስጠኛ ገጽ ይጎዱታል፤ ተቅማጥ እንኳ ባይታይበት የበላው ምግብ በደንብ አይሰርጽም። እናቱ የቻለችውን አብልታ ልጁ ግን አይጨምርም።

በኬንያ፣ በባንግላዴሽና በዚምባብዌ በተደረጉ ትልልቅ ጥናቶችም ለየቤቱ ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ማቅረብ ብቻውን የሕፃናቱን ቁመት አላሻሻለም። ይህም ወደዚያው ወደ ተነሣሁበት ነጥብ ይመልሰኛል። ቤት ለቤት የሚደረግ ጥረት ያስፈልጋል፤ አካባቢው በሙሉ ካልጸዳ ግን አይበቃም።

ለመቃብር የምንሰባሰብ ለሽንት ቤትም እንሰባሰብ

ወደነዚያ አራት ቤቶች ልመለስ። ሽንት ቤት የሌላቸው ስንፍና ይዟቸው ነው? ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ የሰቆጣን ዐለታማ መሬት በምን ጉልበት ይቆፍሩታል? ተከራዩ በሰው መሬት ላይ እንዴት ይቆፍራል? ማሳፈርና መቅጣት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሰው ያፍርና በጨለማ ይወጣል እንጂ አይቆፍርም።

ብዙ ርቀት መጥተናል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት መረጃ መሠረት ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው የአገራችን ሕዝብ በ1990 እ.ኤ.አ. 92 በመቶ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ 29 በመቶ ወርዷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምና በየቤቱ የዞሩት እኅቶቻችን በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። የሚችለው ቆፍሯል። የቀረው አብዛኛው አቅም ያጣው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያስፈልገው ምክር ብቻ ሳይሆን ጉልበት ነው።

ጉልበቱ አለን። ሰው ሲሞት ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፤ ጎረምሶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ እንጀራ ይጋግራሉ። ማንም «የኔ ዘመድ አይደለም» ብሎ አይቀርም። ለመቃብር የሚሰባሰብ ዕድር፣ ለአንዲት አሮጊት የሽንት ቤት ጉድጓድ መቆፈር እንዴት ያቅተዋል? ለአጨዳ ደቦ የሚወጣ ሰፈር፣ በዓመት አንድ ቀን ለፈፋው መውጣት እንዴት ይከብደዋል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።

በነሐሴ ሻደይ ሲደርስ እንግዳ ይመጣል ብለን ደጃችንን እናሳምራለን፤ ልጆቻችን ነጭ ለብሰው እንዲጨፍሩ መንገዱን እንጠርጋለን። መልካም ልማድ ነው። እነዚያው ልጆች ግን ዓመቱን ሙሉ በዚያው መንገድ ላይ ነው የሚጫወቱት።

ከነገ ጀምሮ ምን እናድርግ?

1. በዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አንሡ፦ «በሰፈራችን ሽንት ቤት የሌለው ማነው? ለምን?» ስም ለማጥፋት ሳይሆን ተራ ለማውጣት ይሁን። በመጀመሪያ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ብቻቸውን ልጅ ለሚያሳድጉ እናቶች ቆፍሩ።

2. የሕፃኑን ዓይነ ምድር ሽንት ቤት ውስጥ ድፉ። ትንንሽ ልጆች በፖፖ ይጠቀሙ። የሽንት ቤቱ ቀዳዳ ክዳን ይኑረው።

3. በሽንት ቤቱ በር ላይ ውኃ የያዘ ሃይላንድ ወይም ጀሪካን ስቀሉ። ክዳኑን ብትበሱት ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ ብዙም አይፈጅም። ሳሙና ከሌለ አመድ ይሠራል።

4. የልጅን ፊት ለማጠብ ባልዲ ሙሉ ውኃ አያስፈልግም፤ አንድ ኩባያ ይበቃል። ዓይናር ባያችሁ ቁጥር እጠቡ። የሁሉንም ልጅ ፊት በአንድ ነጠላ አትጥረጉ። የጎረቤት ልጅ ፊቱ ቆሽሾ ካያችሁት የራሳችሁን እንደምታጥቡት እጠቡት፤ እናቱ ውኃ ቀድታ እስክትመለስ ሁላችንም እናቱ ነን።

5. ሕፃን የሚድኽበትን ቦታ ከዶሮና ከከብት ለዩ። ቁራጭ ምንጣፍ እንኳ ቢሆን ይረዳል።

6. ጎረቤት ለቡና ሲሰባሰብ ስለ ሰፈሩ ጽዳት ተነጋገሩ። ቆሻሻ ደጃችሁ ከደፋ ጎረቤት ጋር ከመኳረፍ በፊት ቡና ጠጡ። የተኳረፈ ሰፈር አብሮ አይጠርግም።

7. የዓይን መቅላትና ዓይናር ከጥቂት ቀን ካለፈ፣ ሽፋሽፍት ዓይን ከወጋ፣ ወይም ተቅማጥ የያዘው ልጅ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ደም ካስቀመጠው፣ መጥባት ካቃተው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሽፋሽፍትን በወረንጦ መንቀል ሕክምና አይደለም፤ መፍትሔው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው።

አስተዳደሩስ?

ይህን ሁሉ ስል ኃላፊነቱን በሙሉ ነዋሪው ላይ መጫኔ አይደለም። የገበያተኛው ፈፋ መውረድ የነዋሪው ጥፋት አይደለም። የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 የከተማ አስተዳደር የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የማቅረብና ንጽሕናውን የማስጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግግ ነበር። ስለዚህ ዕድሩ ቆፍሮ ሲጨርስ ሽማግሌዎችን ልኮ «እኛ የድርሻችንን ሠርተናል፤ የገበያው መጸዳጃስ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ሠርቶ የሚጠይቅ ሰፈር ደግሞ ይሰማል ብዬ አምናለሁ።

የሚቻል ነገር ነው። ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 እ.ኤ.አ. ትራኮማ የማኅበረሰብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል። እነሱም ድርቅና ድህነትን ያውቁታል።

ያቺን እናት ለልጇ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋት። ጥያቄዋን ግን በወጉ ሳልመልስላት ነው የሄደችው። መልሴ ይኸው፦ እኅቴ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። አንቺ የሚቻልሽን አድርገሻል። አሁን ተራው የእኛ የጎረቤቶችሽ ነው።

መልካም ጤና ለእናንተና ለልጆቻችሁ!