ከዶራሌ እስከ ጣና የሚዞረው ማዳበሪያ

ከዶራሌ ወደብ ተጭኖ በጋላፊ በኩል ወደ አገራችን የሚዘልቀውን የዩሪያ ማዳበሪያ ነገር በጅቡቲ ከተማ ቡላኦስ ሰፈር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከሹፌሮች አንደበት በሰማን ቁጥር፣ የሚያሳዝነን የውጭ ምንዛሪው ብቻ አይደለም፤ ያ ነጭ ፍሬ በፎገራና በደምብያ ማሳ ከተዘራ በኋላ፣ ከፊሉ በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወደ ጣና ይወርድና፣ ከከተማ ፍሳሽና ከተሸረሸረ አፈር ጋር ተቀላቅሎ የእንቦጭ ቀለብ ይሆናልና ነው።

ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጻተኛ አረም ቀድሞ በቆቃና በአዋሽ ታይቶ፣ በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታወቀ ወዲህ፣ ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆበታል። የተነቀለው ግን በብዙ ስፍራ ዳር ላይ ተከምሮ ይቀራል።

ይህ ክምር ብስባሽ ማዳበሪያ ሆኖ ዩሪያን ይተካል የሚሉ ወዳጆቼ ሒሳቡን ቢመረምሩ መልካም ነው። ከመቶው 90 እጅ በላይ ውሃ በመሆኑ፣ አንድ ኩንታል እርጥብ አረም ሲደርቅ 6 ወይም 7 ኪሎ ቢተርፍ ነው፤ ከዚያም ናይትሮጅኑ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ስላለው፣ እርሱን ለማካካስ ከ300 ኩንታል በላይ አረም መሸከም ግድ ይላል። ስለዚህ በመኪና ጭኖ ወደ ሩቅ አገር መላክ ከንቱ ድካም ነው፤ ለሐይቁ ዳር ሩዝ፣ ጤፍና በቆሎ ግን፣ ፖታሲየሙና አፈር የሚያለሰልሰው ብስባሽ ሲታከልበት፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ደጃፍ ድረስ የመጣ ሲሳይ ነው።

ሥራው ጥንቃቄ ይሻል። አረሙ ሳያብብ ተነቅሎ፣ ጠውልጎና ተከትፎ፣ ከከብት እበትና ከጭድ ጋር በየረድፉ ተነባብሮ፣ እየተገላበጠ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ መጋል አለበት፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል፣ ያልበሰለ ብስባሽ በመስኖ ቦይ አዲስ ቡቃያ ያወርዳል። ከባድ ብረት የመምጠጥ ጠባይም ስላለው፣ ከከተማ ፍሳሽ አጠገብ የተነቀለው ሳይመረመር ለእህል አይሁን።

ደግሞም ብስባሹ ንግድ ሆኖ የአረሙን ዕድሜ የሚመኝ ነጋዴ እንዳይወልድ፣ ወጪው ከዘመቻው በጀት ይመደብ እላለሁ፤ የብስባሹም ጉድጓድ ዘመቻው ከመጀመሩ አስቀድሞ ይቆፈር፤ የነቃዩም አበል አረሙ ዳር ሲደርስ ሳይሆን፣ ጉድጓድ ገብቶ እበት ሲለብስ ይከፈል።