«ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» ይቅርብን

ቅዳሜ የቪትዟን ፍሬን ብቻዬን አየር አወጣሁላት ብዬ ባወራ፣ አንድ ጓደኛዬ «ፍሬን ቀልድ አይደለም፣ ጋራዥ ውሰዳት!» ብሎ ተቆጣኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ስለማውቅ እኮ ነው ብቻዬን የሠራሁት።

አምና ከባለቤቴ ጋር ሞክረን ነበር። እሷ መሪው ጋ፣ እኔ ጎማው ሥር። «ርገጪ!» «ረገጥኩ!» «ያዢ!» ... ብሎኗን ሳልዘጋ «ልቀቂ» ያልኩ መስሏት ለቀቀች። ፔዳሉ ሲመለስ በተከፈተው በኩል አየር ሳበ። ሦስቴ ደገምን፣ ሦስቴ ተጣላን። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ጎማ ሥር ተጋድሞ የሚጮኽን ሰው ማን አጥርቶ ይሰማል?

አሁን ፔዳሉን ጭራሽ አልነካም። አየር ማውጫዋ ብሎን ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ እሰካለሁ። ቱቦውን መጀመሪያ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ፣ ጫፉን ትንሽ የፍሬን ዘይት ባለበት ሃይላንድ ውስጥ እነክራለሁ። ከዚያ ብሎኗን ሩብ ዙር ከፍቼ ቡናዬን እጠጣለሁ። ዘይቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ አየሩም አብሮ ይወጣል። ቀርፋፋ ነው፣ አልክድም። ግን ሥራችሁ አንድ ብቻ ነው፦ የማስተሩ ዘይት ከታችኛው መስመር እንዳይወርድ እየሞሉ መጠበቅ። ከወረደ እንደገና ከዜሮ። (የጎማው ቅደም ተከተል ከመኪና መኪና ይለያያል፣ ማኑዋሉን እዩ። ክሪክ ብቻ አምናችሁም ሥሯ አትግቡ።)

ሌላም ጥቅም አለው። ያረጀ ማስተርን እስከ ወለል ድረስ እየረገጡ ማስጨነቅ የውስጥ ጎሚኒውን ሊቆርጠው ይችላል። በዚህ መንገድ ማንም አይረግጠውም።

ጋራዥ ላይ ቂም የለኝም። ግን የወጣውን ጥቁር ዘይት «ንጹሕ ነው» ብሎ መልሶ ሲጨምር በዓይኔ ያየሁት መካኒክ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 140 ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ፍሬን እየያዛችሁ ነው። ዘይቱ እዚያ ከፈላ በእንፋሎት ይሞላል፣ ፔዳሉም እግራችሁ ሥር ወለል ይነካል። እኔ ቤት የምሠራው ገንዘብ ለመቆጠብ ሳይሆን ምን ዘይት እንደገባ ለማወቅ ነው።

ጓደኛዬ ትክክል የሚሆንበት ቦታም አለ። ፔዳሉ ደጋግማችሁ ስትረግጡት የሚጠነክር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ወይ ማስተሩ ደክሟል ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ያኔ ቀኑን ሙሉ አየር ብታወጡ ለውጥ የለም፣ በቀጥታ ባለሙያ ጋ። ኤቢኤስ ውስጥ አየር ከገባም አንዳንዱ መኪና ያለ ኮምፒውተር አይወጣለትም።

እኔ ጨርሼ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ጭር ባለው የሰፈራችን መንገድ በዝግታ ሞከርኳት። ፔዳሉ ከላይ ያዘ። ቱቦዬን መዋስ የምትፈልጉ ጎረቤቶች ኑ፣ ግን ያልተከፈተ ዘይት ይዛችሁ።