ፊደል በደረሰኝ ላይ

በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከአንዲት እናት ሱቅ ነጠላ ገዛሁ። የተሰጠኝ ደረሰኝ የዕቃውን ስም በላቲን ፊደል ጽፎታል፤ «ነጠላ» ይሁን «ነተላ» አይለይም። ምክንያቱን ብጠይቅ «መሣሪያው ትንሽ ነው፤ የአማርኛ ፊደል አይችልም» ተባልሁ። ይህ አባባል የስንፍና ሽፋን እንጂ የቴክኒክ ማስረጃ አይደለም።

ቁጥሩ ራሱ ይመስክር። በ58 ሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ በሙቀት የሚያትመው የተለመደ መሣሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ያሳርፋል። አንድ ፊደል በቁመትም በአግድምም 24 ነጥብ ቢሰጠው 72 ባይት ይበቃዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሥርዓት የገቡት 345 የግዕዝ ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች በሙሉ ቢቀረጹ 25 ሺህ ባይት እንኳ አይሞሉም። ከቻይና የሚመጡት የዚሁ ዓይነት አያሌ መሣሪያዎች ግን በ1980 እ.ኤ.አ. የተደነገጉትን 6,763 የቻይና ፊደላት ተሸክመው ይዞራሉ። ለእነዚያ የተገኘው ቦታ ለእኛ እንዴት ይጠባል?

ፊደላችን ይግባ የሚሉትም ሌላ ስሕተት ይሠራሉ። ለመጽሐፍ የተነደፈውን ፊደል በስሌት አሳንሰው በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይጠቀጥቁታል። ስሌቱ ግን ጌጥንና ትርጉምን አይለይም፤ የካዕቡን ቅጥል ይውጣል፣ የኃምሱን ቀለበት ይደፍናል፤ «ጤፍ» የነበረው «ጢፍ» ይሆናል።

ይህን ዕዳ ከዚህ ቀደም ከፍለናል። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና በማብቃት ታላቅ ውለታ ውለዋል። ይሁንና በጥቂት ቁልፎች ሁሉን ለማስፈር ሲባል ቅጥሎች ለብቻቸው ይመቱ ስለ ነበር፣ ፊደሉ ከአካሉ ተነጥሎ ይታይ ነበር። ያን ያስገደደው የመኪናው ጥበት ነው፤ ዛሬስ ማን አስገደደን?

መፍትሔው በሽሮ ሜዳ ሸማኔ እጅ ነው። ሸማኔው ጥለት የሚጥለው ክር በክር ቆጥሮ እንጂ ትልቅ ሥዕል አጨማትቶ አይደለም። ፊደሉም በ24 ነጥብ መረብ ውስጥ፣ ነጥብ በነጥብ፣ በሰው እጅ ይቀረጽ። «እንዲህ የተቀረጸ ፊደል እንደ ልብ አይሰፋም፣ አይጠብም» ይባላል፤ እውነት ነው። ደረሰኝ ሁለት መጠን ቢሻ ግን ሁለት ጊዜ መቅረጽ ነው!

ስለዚህ ሠዓሊው ይንደፍ፤ መምህሩ ተማሪዎቹን አስነብቦ ይፈትን፤ መሣሪያውን የሚገዛው መሥሪያ ቤትም ጥርት ያለ የአማርኛ ፊደልን በጨረታ ሰነዱ ግዴታ ያድርግ። ነጠላውን የሸጡልኝ እናት በእጃቸው የሰጡኝን ወረቀት ራሳቸው ማንበብ ካልቻሉ፣ ደረሰኙ የተጻፈው ለማን ነው?